የክረምት ቀን ውሎ በጓሮ (ደንበጫ)፦ ውሃውን ማቆም ወይስ ቀስ አድርጎ መሸኘት?

ጌሾ ተካይዋ | ሐምሌ 15፣ ማታ 2:30

ሰላም የጓሮ ወዳጆች። ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው "በክረምት ጓሮ ውስጥ ምን ይሠራል? ዝናቡ እስኪያባራ ቤት መቀመጥ ነው እንጂ" ብሎ ጽፎ ነበር። ዛሬ ከወንፈሎቼ ጋር የዋልንበትን ሥራ በዝርዝር ላስቀምጠው፤ ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ።

ቦታው ከደንበጫ ወጣ ብሎ ነው። አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) የማትሞላ የቤት ዙሪያ፣ መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ ቀይ። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የክረምቱን የማስበልጠው ውሃው በየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚቦረቡር በዓይን ስለሚታይ ነው። በበጋ ቦይ የሚያወጣ ሰው በግምት ነው የሚያወጣው።

12:30 ላይ ተሰባሰብን። በእኛ በኩል ሐምሌ ላይ ዝናቡ የሚጠነክረው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቁፋሮው ረፋድ ላይ ማለቅ አለበት። ግን መጀመሪያ ዶማ አላነሳንም። ማታ የወረደው ጎርፍ የሄደበትን ተከትለን ከላይ እስከ ታች ሄድን። ጎርፍ ያለፈበት ይታወቃል፦ ገለባና የደረቀ ቅጠል መስመር ይዞ ተከምሮ ይገኛል፣ ደቃቁ አፈር ታጥቦ ጠጠሩ ብቻ አግጦ ይቀራል። እዚያ እዚያ ላይ ችካል ተከልን።

ከዚያ ውሃ ልክ። የሚያስፈልገው 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችና ሲባጎው መሃል ላይ የምትንጠለጠል የግንበኛ ውሃ ልክ ነው። ሲባጎው በላይኛው እንጨት ላይ ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ ላይ ይታሰራል፤ በታችኛው ላይ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር። የታችኛውን የያዘው ሰው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ አረፋዋ መሃል ስትገባ "በቃ!" ይባላል፣ ችካል ይተከላል። በ10 ሜትር ርቀት መሬቱ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ይቺን 5 ሳንቲ ሜትር አደራ አትናቋት፤ ሥራው በሙሉ እሷ ላይ ነው ያለው።

ቦዩ ጥልቀቱም ስፋቱም ግማሽ ሜትር ነው፤ አፈሩን ሽቅብ እየጣልን ከቦዩ በላይ ክትር ሠራን። ፋንያ ጁ የሚሉት ይኸው ነው። ከላይ እየታጠበ የሚመጣው አፈር ክትሩ ጀርባ እየተጠራቀመ መሬቱ በዓመታት ውስጥ ራሱ እርከን ይሠራል። አንጀኒ ቅርባችን ነው፤ የአፈር ጥበቃ ምርምር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲካሄድበት የቆየ፣ ፋንያ ጁ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራበት ተፋሰስ። ክትሩ ከጊዜ በኋላ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው እዚያ ሄዶ ይመልከት።

ክትሩ ላይ ወዲያው ደሾ ሳር ተከልን። ቅጠሉን አሳጥሮ፣ ሥሩን ገንጥሎ፣ በሁለት ረድፍ፣ አንዱን ከሌላው በአንድ ስንዝር የማይሞላ ርቀት። ዛሬ የተቆለለ አፈር ዛሬውኑ ሳር ካልያዘው ነገ የለም። የቦዩ ጫፍ የሚወጣው ወደ ጓሮው ዳር፣ ሳር ወደለበሰው መውረጃ ነው።

ቁርሳችን የገብስ ቂጣና ጠላ ነበር። ከዚያ ተከላ። ጌሾና ኮክ፦ ጉድጓዶቹ በግንቦት የተቆፈሩ ናቸው፤ የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጦ ስለነበር ከበሰለ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሥሩ ገባ፣ የታችኛው ከላይ። ችግኙ ዙሪያ አፈሩ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ እንዲል አደረግነው፤ በዚህ ወር ጎድጓዳ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ውሃ ውስጥ ነው የሚከርመው። አጥሩ ላይ የተሳሳውን ቦታ በሰንሰልና በግራዋ ቁራጭ ሞላን። ሰንሰልን ከብት አይበላውም፣ ግራዋው ደግሞ ለጋን ማጠቢያም ይሆናል። ኅዳር ላይ ከብቱ ልቅ ሲለቀቅ ችግኙን የሚያድነው ይህ አጥር ነው።

ኮምፖስቱን የክረምቱን በጉድጓድ አንሠራም፤ ውሃ ይሞላዋል። ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ርብራብ ላይ ነው የምንከምረው፦ ደረቅ አገዳ፣ እርጥብ አረም፣ እበት፣ አመድ፣ ጥቂት አፈር፣ እንደገና ደረቅ። ከላይ በሳር ይሸፈናል። መሃሉ ላይ የተሰካውን እንጨት ስነቅለው ሞቃትና ወዛም ነበር፤ እየበሰለ ነው ማለት ነው። ቀዝቅዞ እየተንጠባጠበ ቢወጣ ኖሮ መገልበጥና ደረቅ መጨመር ነበረብን።

9 ሰዓት ሲሆን ዝናቡ መጣ። ገሳዬን ደርቤ አዲሱ ክትር ጋ ቆምኩ። ውሃው ቀይ ሆኖ ከላይ ወረደ፣ ክትሩን ሲነካ ቆመ፣ ቀስ እያለ ገለባውን ወደ ዳር ይገፋ ጀመር፤ በሰው እርምጃ ያህል እንኳ አይፈጥንም። መውረጃው ጋ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ጠርቶ ነበር። አፈሩ ክትሩ ሥር ቀርቷል።

ጥያቄ ካለ እመልሳለሁ።

---

አዲስ ጓሮ | ሐምሌ 15፣ ማታ 3:10

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የሚጽፍ ሰው አናገኝም። እኔ ፍኖተ ሰላም አካባቢ የአባቴን ቦታ ተረክቤ ገና እየጀመርኩ ነው። ዩቲዩብ ላይ በፐርማካልቸር፣ ማለትም ተፈጥሮን በሚመስል የአስተራረስ ዘዴ፣ የሚያለሙ ሰዎች ቦዩን ፍጹም ልክ አድርገው፣ ያለምንም ዝቅታ ነው የሚቆፍሩት፤ አፈሩንም ቁልቁል ይጥላሉ። ውሃው እዚያው ቆሞ ወደ መሬት እንዲሰርግ ነው የሚሉት። አንቺ ለምን 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረግሽው? ውሃ እኮ ሀብት ነው፣ ለምን ይሂድ?

---

የልማት ሠራተኛ | ሐምሌ 15፣ ማታ 3:45

ለአዲስ ጓሮ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቁጥር ብናየው ይቀላል።

ከቦይህ በላይ 10 ሜትር ተዳፋት አለ እንበል። በአንድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ በእያንዳንዱ የቦይ ሜትር ላይ የሚመጣው 400 ሊትር ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የተቆፈረ ቦይ በሜትር የሚይዘው 250 ሊትር ብቻ። ሰኔ መግቢያ ላይ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ብዙውን ይጠጣዋል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን አፈሩ ጠግቧል፤ የወረደው ሁሉ ይመጣል። ስለዚህ ልክ ሆኖ የተቆፈረ ቦይ ሞልቶ ይፈሳል፣ የሚፈሰውም በጣም ደካማው ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጋ ክትሩ ይበጠሳል፤ በቦዩ ሙሉ የቆመው ውሃ በአንድ ቀዳዳ ሲወጣ ደግሞ ቦይ ባይኖር ኖሮ ከሚጎዳው የበለጠ ይጎዳል።

አንጀኒ ላይ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ነው። ፐርማካልቸርን ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግረን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዋቀሩት አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ ልክ የሆነው ቦይ እጅግ የሚጠቅመውም ዝናብ በሚያጥርበት አገር ነው። ሐሳቡ ትልቅ ሐሳብ ነው። "መጀመሪያ መሬቱን ተመልከት" የሚለው መርሁ ግን ጎጃም ላይ ሲተገበር ወደ ሌላ ቦይ ነው የሚወስድህ። በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቦዩ ራሱ መቦርቦር ይጀምራል።

---

አያ ገበሬው | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 1:05

ልጆቼ፣ እኔ ቢቡኝ ነኝ፣ ጮቄ ሥር። ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ስለ ፈሰስ፣ በማሳው ውስጥ በማረሻ ስለሚወጣው የውሃ መውረጃ፣ ማንም አላነሳም። አባቶቻችን በበሬ ፈሰስ እያወጡ ነው እርሻቸውን ያቆዩት። ጤፍ ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ሲሆን ያየ ሰው ፈሰስን አይንቅም። ክትሩ መልካም ነው፣ አልከለክልም፤ ነገር ግን መሬት ይበላል። ሁለት ቃዳ ያለው ሰው በየአሥር እርምጃው ክትር ሠርቶ ምን ያርሳል? ደግሞ አይጥና ፍልፈል ይራባበታል። ልማት ሠራተኞች ሲመጡ ክትሩን ይቆጥራሉ፣ እኛ ደግሞ ቁናውን እንቆጥራለን።

ሌላው ነገር ጎረቤት ነው። ውሃህን ቀስ አድርገህ ሸኘኸው፣ መልካም። ወደ ማን? በአገራችን በክረምት ሽማግሌ ከሚቀመጥባቸው ነገሮች አንዱ "ውሃህን እኔ ላይ ለቀቅህብኝ" ነው። ይህን ሳትነጋገሩ ዶማ አታንሱ።

---

ጌሾ ተካይዋ | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 2:20

አያ፣ እንኳን ጻፉልን። ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ አንድ በአንድ ልመልስ።

መሬት ይበላል ላሉት፦ በእርሻ ላይ አዎ፣ ከባድ ነው። በጓሮ ግን ክትሩ ራሱ ማሳ ነው። የእኔ ክትሮች ላይ ደሾ አለ፣ ለላሟ በየጊዜው ይታጨዳል፤ ከደሾው ጀርባ ጌሾና ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ይቆማል። አንድም እርምጃ ባዶ አይደለም። ሳሩ ተዘውትሮ ሲታጨድ አይጡም መደበቂያ ያጣል። ስለዚህ እኔ የምለው ከጓሮ እንጀምር ነው፤ ጓሮ ላይ ያየ ሰው እርሻው ላይ የትኛው እንደሚበጀው ራሱ ይመርጣል።

ፈሰስን በተመለከተ እኔ የምቃወመው ቁልቁለቱን ተከትሎ ሲወጣ ብቻ ነው። ያ ነው በጊዜ ብዛት ቦረቦር የሚሆነው። ሰያፍ ሆኖ ገደል ገደሉን ሳይከተል ከወጣ እኔ ከምሠራው ቦይ ጋር ዘመድ ነው፤ አባቶች ያለ ውሃ ልክ፣ በዓይናቸው ነበር የሚያወጡት።

ጎረቤትን በተመለከተ ከእርስዎ የምጨምረው የለም። እኛ መውረጃውን ከታች ካለው ጎረቤት ጋር በወሰኑ ላይ በጋራ ነው ያወጣነው፤ ሳሩን እሱም ያጭዳል፣ እኔም አጭዳለሁ። ትላንት ሲቆፈርም አብሮን ነበር።

---

መራዊ 12 | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 4:00

ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ አቮካዶ የምትተክሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። በእኛ በኩል ከቆጋ መስኖ ወዲህ አቮካዶ ብዙ ሰው ጀምሯል፤ በጋውን ያማረ ችግኝ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ሳይረግፍ እየጠወለገ ይሄዳል። ሰው ውሃ የጠማው ይመስለዋል። ቆፍራችሁ ሥሩን ብታዩት ጥቁር ሆኖ በእጅ ሲይዙት ቆዳው ይላቀቃል፤ ውሃ አፍኖት የበሰበሰ ነው። አቮካዶ ከጉልበት በታች በማይሆን ጉብታ ላይ መቆም አለበት። ትሪ ሉሰርንም እንደዚሁ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ የቆመ ውሃ ግን አይችልም።

---

እማማ ግራዋ | ሐምሌ 16፣ ቀን 7:30

የኔ ልጅ፣ ስለ አመዱ በደንብ ሳትጽፊ አለፍሽው። ይህ ሁሉ ዝናብ የአፈሩን ጉልበት እያጠበ ይወስደዋል፤ ለዚህ ነው አፈራችን አሲዳማ ሆኗል የሚባለው። ለእርሻው ኖራ ነው መድኃኒቱ፤ ለጓሮ ግን የምድጃ አመድ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የዓመቱን አመድ ዝናብ በማይነካው ቦታ አጠራቅሜ ጎመኑና ነጭ ሽንኩርቱ ሥር ስስ አድርጌ እበትናለሁ። ዝናብ የመታው አመድ ግን ጥቅሙ ያንሳል፣ ጉልበቱ ብዙው ታጥቧል። ድንቹ ሥር አታድርጉ፣ ቆዳው ይሻክራል።

አፈሩ ጨርሶ የደከመበት ጥግ ካላችሁ ደግሞ ግብጦ ዝሩበት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ብዙ ሳይታረስ። መራራ ስለሆነ ከብት አይደፍረውም፣ መሬቱን ደግሞ ያድሰዋል። በኋላ ተቀቅሎ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ከርሞ ምሬቱ ሲወጣ ለመክሰስ ይሆናል፣ ለአረቄም ይሆናል።

---

ኮሶበር | ሐምሌ 16፣ ማታ 1:15

ከእንጅባራ ሰላምታ። የተለያየ ተክል ቀላቅሎ ስለ መትከል ልናገር፤ በእኛ አገር ውድ ዋጋ የተከፈለበት ጉዳይ ስለሆነ።

የእኛን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚያውቅ ሰው ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዛፍ ያውቃል። ገበሬው አሲዳማው መሬት አላበቅል ሲለው ዲከረንስ ተከለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በመሃሉ ጤፍ ዘራ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል አከሰለ፣ መሬቱ አርፎ እንደገና ጤፍ አበቀለ። ቤት የተሠራበት፣ ልጅ የተማረበት ዛፍ ነው። ነገር ግን ኮረብታው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ዛፍ ሆነ፤ በቅርብ ዓመታት በሽታው ሲገባ የሚያቆመው ነገር አላገኘም። ቅጠሉ እየቀላ ማሳው በሙሉ ደርቆ ሲቆም አይተናል።

ጌሾ ተካይዋ፣ የአንቺን ጓሮ ሳነብ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፦ ጌሾ፣ ኮክ፣ ደሾ፣ ሰንሰል፣ ግራዋ። አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆማል። አገር በቀል ትልቅ ዛፍ ግን አላየሁም። ዋንዛና ብሳና አስገቢ፤ የብሳና ቅጠል ረግፎ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ከሥሩ ያለው ጎመን ይወፍራል። ደጋ ከሆነ ደግሞ ኮሶና ቀርከሃ አትርሺ፤ ቀርከሃ ለቦረቦር አፍ ከምንም ይበልጣል። ክረምት መግቢያ ላይ ግንዱን ከነሥሩ ከፍሎ መትከል ነው።

---

ዘጌ ነኝ | ሐምሌ 16፣ ማታ 2:00

የናንተ የቁፋሮ ወሬ ሲያስገርመኝ ነው የዋልኩት፤ እኛ ዘንድ መሬት አይታረስምና። በዘጌ ከአባቶች ሲወርድ በመጣው ታሪክ አቡነ በትረ ማርያም ለቦታው የተሰጡት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ናቸው፤ ሕዝቡ ያለ እርሻና ያለ በሬ በዛፍ ሥር ሲኖር ቆይቷል። ጎርፍ አፈር ሲያጥብ በእኛ ጫካ ውስጥ ብዙ አይታይም፤ ዝናቡ መጀመሪያ ትልቁን ዛፍ፣ ከዚያ ቡናውን፣ ከዚያ የረገፈውን ቅጠል ነው የሚያገኘው። መሬት ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል።

የክረምት ሥራችን ይኸው ነው፦ ከእናት ቡና ሥር ራሱ የበቀለውን ችግኝ ከነአፈሩ አንስተን ክፍተት ባለበት እንተክላለን፣ ሐረጉን እናወርዳለን፣ ጥላው ከበዛ ቅርንጫፍ እናሳሳለን። የተቆረጠው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ አይቃጠልም፣ አይወጣም። እናንተም ክትሩን ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አፈሩን ባዶ አትተዉት። ያጨዳችሁትን አረም ችግኙ ሥር አልብሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ፣ ይበሰብሳል።

---

አዲስ ጓሮ | ሐምሌ 16፣ ማታ 2:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብዙ ነገር ጸድቶልኛል። ሦስት ነገር ብቻ ልጠይቅ። አንደኛ፣ ቦታዬ በጣም ተዳፋት ነው፤ ክትሮቹ በምን ያህል ርቀት ይሁኑ? ሁለተኛ፣ የአባቴ ባህር ዛፍ ከጓሮው በላይ አለ፤ ልቁረጠው? ሦስተኛ፣ አሁን ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ለዚህ ክረምት ረፍዷል ወይ?

---

የልማት ሠራተኛ | ሐምሌ 16፣ ማታ 3:05

ርቀቱን በተመለከተ፦ በከፍታ ልዩነት ነው የሚለካው። ከላይኛው ክትር እስከ ታችኛው ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል አካባቢ ይሁን። የላይኛው ክትር ጋ ያለ ሰው ሲባጎውን መሬት ላይ አስነክቶ ቢይዝ፣ ሲባጎውም ልክ ቢሆን፣ ታች የቆመውን ሰው ደረቱ አካባቢ ሊያገኘው ይገባል። ስለዚህ መሬቱ በተዳፈተ ቁጥር ክትሮቹ ይቀራረባሉ። ቦታው እጅግ ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ቁፋሮውን ተውና ሳርና ዛፍ ብቻ አድርግበት።

---

ጌሾ ተካይዋ | ሐምሌ 16፣ ማታ 3:40

ባህር ዛፉን አትቸኩልበት። ቤት መሥሪያህና የችግር ጊዜ ገንዘብህ ነው። ግን ከጓሮህ ጋር መሻማቱን ማስቆም አለብህ፦ በባህር ዛፉና በጓሮው መካከል ሥሩ እንዳይሻገር ጥልቅ ቦይ ቆፍር፣ ሥር እንደገና ስለሚመጣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጥረገው። ከቦዩ ወዲህ ያለውን የመጀመሪያ ረድፍ ለደሾና ለሰንሰል ስጠው፤ ሽንኩርትና ጎመንህን አርቀው።

ለዘንድሮ አልረፈደም፤ ግን ሁሉንም አትጀምር። ዘንድሮ አንድ ክትር ብቻ ሥራ፣ እሱንም ከሁሉም በላይ ያለውን። ከታች የጀመርክ እንደሆነ የላይኛው ጎርፍ በሙሉ ድምር ሆኖ ይመጣበታል። ከመቆፈርህ በፊት አንድ ከባድ ዝናብ ላይ ውጭ ቆመህ የውሃውን መንገድ ተከታተል፣ በማግስቱ ችካልህን ትከል፣ ከታች ያለውን ጎረቤትህን ደግሞ አያ እንዳሉት አነጋግረው። ደሾውን እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ብትተክለው ዝናቡ ሳያልቅ ሥር ይይዛል። የፍራፍሬውን ጉድጓድ አሁን ምልክት አድርገህ በጋው ላይ ቆፍረውና አፈሩ ፀሐይ ይምታው፤ ተከላውን ለከርሞ ሰኔ ያዘው።

ኮሶበር፣ ስለ ብሳናው ልክ ነህ። ዋንዛ ከታችኛው አጥር ጋ አለኝ፣ ብሳና ግን የለኝም። ዘጌ ነኝ፣ ትላንት የታጨደው አረም ጌሾው ሥር ተነጥፏል፤ ግንዱን እንዳይነካ ግን ነገ ዞሬ አያለሁ።

ደንበጫ አካባቢ ያለ ሰው የደሾ ግንጣይ ከፈለገ ይጻፍልኝ፤ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ይምጣ፣ ከእኔ ክትር ላይ ገንጥሎ ይሄዳል። የብሳና ችግኝ ያለው ሰው ካለ ደግሞ እንለዋወጥ።

---

አያ ገበሬው | ሐምሌ 17፣ ጠዋት 1:20

ብሳናው ከእኛ ወንዝ ዳር ሞልቷል፤ ራሱ የበቀለ ነው። ለደንበጫ ገበያ የሚወርድ ሰው ሲኖር ከነአፈሩ አድርገን እንልካለን። ለእኛም ደሾ ይሁንልን፤ ልጁ ከፈሰሳችን አፍ ላይ ሊሞክረው ይፈልጋል።